ጃንጥላው ከገባልኝ በኋላ ስለ መታመሜ

ውድ እቴቴ ፈትለወርቅ፣

ኩርፊያችንን ላክብር ብዬ ይህን ደብዳቤ በ«እርስዎ» ጀምሬው ነበር። «ለተከበሩ አክስቴ፤ እንደምን ሰነበቱልኝ» ብዬ አንድ መስመር እንደ ጻፍኩ ሳቄ መጣና ወረቀቱን ቀደድኩት። ንፍጤን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ያሳደገችኝን ሴት አንቱ ብላት ምላሴ ቁስል ያወጣል። ስለዚህ ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ በ«አንቺ» እንቀጥል።

ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ የሚጻፍልሽን ሁሉ የምታነብልሽ ልጅሽ ሥርጉት እንደሆነች አውቃለሁ። ሥርጉት፣ እናትሽ «በቃ፣ ቅደጂው» ብትልሽ እሺ በያትና ወረቀቱን አጥፈሽ ኪስሽ ክተቺው። ጥቂት ዝም በዪ። «ለመሆኑ ከዚያ በኋላ ምን ይላል?» ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ካቆምሽበት ቀጥዪ።

ጉዳዬ አጭር ነው። አንቺ «ድኗል» እንዳልሽ ነሽ፤ እኔም «ታምሜያለሁ» እንዳልኩ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት እንደገና ኦፕራሲዮን እሆናለሁ። የምጽፍልሽ ፈቃድ ልጠይቅሽ አይደለም፤ ይቅርታ ልጠይቅሽም አይደለም። ሰው በአዋጅ ሊሾም፣ በአዋጅ ሊሻር፣ ቤቱም በአዋጅ ሊፈርስ ይችላል። በአዋጅ ግን አይድንም። አልድንም ብያለሁ።

ታሪኩን አንቺ በማኅበር ስታወሪው ያምራል። እስቲ እኔ ደግሞ በማያምርበት በኩል ልንገርሽ።

ግራ ኩላሊቴን ጠጠር ዘግቶ መግል ያስቋጠራት ጊዜ አንቺ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተንበርክከሽ ነበር። በአልጋ እየገፉ ሲያስገቡኝ የሰማሁት የመጨረሻ ድምፅ ያንቺ ነው። «ራጉኤል፣ ይህን ልጅ አውጣልኝ እንጂ በእጄ የሰፋሁትን ጃንጥላ አስገባልሃለሁ።» ማደንዘዣው ሳይዘኝ በፊት «ቀለሙስ ምን ይሁን?» ብዬ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር፤ አልደረስኩም። ኩላሊቷ ወጣች፤ እኔ ተረፍኩ። አንቺም በፈረንሳይ ለጋሲዮን ስንት ሙሽራ ባለበስሽበት፣ የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም በሰፋሽበት መኪና ላይ ቀይ ከፋይ ዘርግተሽ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ እየቀጠልሽ ከረምሽ። ቀሚስ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ «ስለት ላይ ነኝ» እያልሽ መለስሽው።

መስከረም አንድ ቀን እንጦጦ ወጣን። ጃንጥላውን ያሸከምሽው እኔኑ ነው፤ «የዳነው ራሱ ያስገባ» ብለሽ። በቀረችኝ አንድ ኩላሊት ያን ዳገት እያለከለክሁ ስወጣ፣ እልልታሽ ከኋላ እየገፋኝ፣ እውነቴን ነው ደስ ብሎኝ ነበር። ድኜም ነበር። ይህን ማንም አይክደውም።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነቴ ቀርቶ ማስረጃ ሆንኩ። ማኅበር በደረሰ ቁጥር፣ ጸሎቱ አልቆ ጠላው ሲቀዳ፣ «ለይኩን፣ እስቲ ቁም» ትያለሽ። እቆማለሁ። «ጎንህን አሳያቸው።» ሸሚዜን እገልጣለሁ። እማማ አባይነሽ መነጽራቸውን አድርገው ጠባሳዬን ሊገዙት እንደ ፈለጉት ጨርቅ ያገላብጡታል። «ይገርማል፤ እንዴት አድርጎ ገጠመለት» ይላሉ። መታወቂያዬን ካየው ፖሊስ ይልቅ ጎኔን ያየው ማኅበርተኛ ይበዛል። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ድፎው ጥሩ ነበር።

ከዚያ በሽታው ተመለሰ።

መጀመሪያ ስሸና አቃጠለኝ። ሥርጉት፣ አትፈሪ፣ አንብቢው፤ የማይሸና ዘመድ የለንም። ቀጥሎ ከእምብርቴ በታች በግራ በኩል የሚወጋ ነገር መጣ። ቀጥሎ እያንቀጠቀጠ የሚያልብ ትኩሳት። ላምበረት መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ የትኛው አውቶብስ ወዴት እንደሚወጣ በድምፅ ማጉያ የምለፈልፈው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ትኩሳቱ ራሴ ላይ ወጥቶ የደሴን ተሳፋሪ በሙሉ ደብረ ብርሃን አውቶብስ ላይ ልጭን ስል፣ የሥራ ባልደረባዬ ጠሀ ማጉያውን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ወንድሜ፣ ሰው የሚሄድበትን አገር አንተ ነህ እንዴ የምትመርጥለት?» አለኝ። እጁን ግንባሬ ላይ አደረገ። «ያ አላህ፤ ሻይ ያፈላል። ዛሬ መሳፈር ያለብህ አንተ ነህ።»

ተሳፈርኩ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሁለተኛው ታይፈስ ነው አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም አስታረቃቸው። በዚህ ከተማ እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ ታይፎይድ ሳይባል ከክሊኒክ አይወጣም። መድኃኒቱን ስወስድ ይሻለኛል፤ ስጨርስ ይመለሳል። ሰፈሩም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ምች ነው ያሉት ዳማከሴ አሹልኝ። ትዳር ስለሌለው ነው ያለችው ጎረቤት የእህቷን ልጅ ላስተዋውቅህ አለችኝ። ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ደግሞ «መቀስ ረስተውብህ ነው፤ ስትራመድ ይሰማኛል» አለና ጆሮውን ወደ ሆዴ አስጠጋ።

አንቺ «ሐሳብ ነው» አልሽ። እቴቴ፣ ሐሳብ መግል አይቋጥርም።

በመጨረሻ ጠሀ እየጎተተ አንዲት የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ዶክተር ሀሴት ትባላለች። ጠባሳዬን እንደ እማማ አባይነሽ አላደነቀችም። አንድ ጊዜ አየችውና ጠየቀችኝ፤

«ኩላሊቷን ሲያወጡልህ ቧንቧዋንስ?»

«የምን ቧንቧ?»

«ሽንቱን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የምታወርደውን።»

እኔ እንዴት ልወቅ? ከሄደች አብራ የሄደች መስሎኝ ነበር። ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃውን ይዞ አይደል የሚወጣው?

ምርመራ አዘዘችልኝ። ሥርጉት፣ ይህን አንቀጽ ሳል ሳል እያልሽ እለፊው። ፊኛዬን በቀጭን ጎማ ፈሳሽ ሞልተው ራጅ ፊት አቆሙኝና «አሁን ሽና» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን በሄድኩበት አጥር ሁሉ «መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ሲያባርረኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን የተማሩ ሰዎች መስታወት ጀርባ ተሰልፈው «አይዞህ፣ ሽና» ሲሉኝ ወንድነቴም ሽንቴም ከዱኝ። የውኃ ቧንቧ ከፈቱልኝ። አፏጩልኝ። በመጨረሻ አንዱ ባለሙያ «መናኸሪያ ግድግዳ ሥር ነህ እንበል» ሲለኝ ነው የተሳካልኝ።

ፎቶውን ዶክተር ሀሴት ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የሸናሁት ሁሉ ወደ ታች አልወረደም። ከፊሉ በግራ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ኩላሊቷ ወደ ነበረችበት መንገድ ጀምሮ፣ መሐል ላይ ቀርቷል።

«ብዙ ጊዜ ቧንቧዋ ትቀራለች» አለችኝ። «የብዙው ሰው ደርቃ፣ ተሸብሽባ፣ ማንንም ሳታስቸግር ትኖራለች። ያንተ አልደረቀችም። ሽንቱ ወደ ላይ ይመለስና መውጫ ያጣል። እዚያው ይበላሻል። ጠጠርም ጀምሯል።»

«ገባኝ» አልኳት። «ጣቢያው ፈርሷል፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም። አውቶብሱ አሁንም ይወጣል፤ ሰው የሚያወርድበት ሲያጣ እዚያው ያድራል።»

«ተሳፋሪው ደግሞ ይሸታል» አለች፣ ፊቷን ሳትፈታ። ወደድኳት።

ማን አጠፋ ብዬ ጠየቅኳት፤ አንቺ እንደምትጠይቂኝ አውቄ። «ማንም አላጠፋም» አለችኝ። «ያን ጊዜ ጉዳዩ አንተን ማትረፍ ነበር። ተርፈሃል። አሁን ሌላ ጉዳይ ነው። ያለችህ ኩላሊት አንድ ናት። ይህ ትኩሳት በተመላለሰብህ ቁጥር የምፈራው ለእሷ ነው። የቀረውን እናውጣው።»

ይኸው ነው በሽታዬ። ቡዳ የለበትም፤ መቀስ የለበትም፤ የእምነት ጉድለት የለበትም። የቀረ ነገር አለ፤ ይወጣል። ካልወጣ ሁለተኛዋንም ይዟት ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛ ደግሞ አልተሰጠኝም።

የዚያኑ ዕለት ደወልኩልሽ። መጀመሪያ የነገርኩት ላንቺ ነው። «እሺ፤ ማኅበሩ ይለፍና እናወራለን። እስከዚያ ለሰው እንዳትናገር» አልሽኝ። ያሳሰበሽ ኩላሊቴ ሳይሆን ማኅበሩ መሆኑ የገባኝ ስልኩን ስዘጋ ነው።

የኅዳሩ ማኅበር ተራ ያንቺ ነበር። ከፈረንሳይ ለቀሽ አያት ኮንዶሚኒየም ከገባሽ ወዲህ የመጀመሪያሽ። ያን ሁሉ ጠላ በጄሪካን አራተኛ ፎቅ ያወጣው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሲያወጣ ግን ትኩሳት ነበረበት። ሰው ሲሞላ ጋቢ ተከናንቤ ጥግ ያዝኩ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። አየሽኝ። ማየትሽንም አየሁ። እንዲያም ሆኖ፦

«ለይኩን፣ እስቲ ቁም።»

እምቢ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩልሽ።

«ቁም እንጂ፤ አዲስ ማኅበርተኛ አለ። ራጉኤል ያደረገልህን ንገራቸው።»

ቆምኩ። «ራጉኤል አድኖኛል» አልኩ። «አሁን ደግሞ ታምሜያለሁ። ከመጀመሪያው የቀረ ቧንቧ አለ፤ መግል ቋጥሯል፤ ይወጣል ተብያለሁ።»

እማማ አባይነሽ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጉዳዩ ከእንግዲህ የዓይን አይደለም ማለታቸው ነው።

«ስለቱ ገብቶ?» አሉ። «ስለት ገብቶማ አይታመምም። እምነት ቢጎድል ነው እንጂ። ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ ይባል የለ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ገና አልተነሣሁም» አልኳቸው።

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ የለያየን ግን ያ ሳቅ ነው። ፊትሽ ከፋዩን መሰለ። «ልጄ ድኗል» አልሽ፣ ለእነሱ እንጂ ለእኔ አይደለም። «ብርድ መቶት ነው። ተቀመጥ፣ ለይኩን።»

«አልቀመጥም፣ እቴቴ። ራጉኤል ያዳነኝ ውሸት እንዳወራለት አይደለም።»

«በቤቴ የመልአኩን ስም አታዋርድ። ውጣልኝ።»

ወጣሁ። አራቱን ፎቅ ግድግዳ እየተደገፍኩ ወረድኩ። አያት ባቡሩ የሚነሣበት ስለሆነ ወንበር አገኘሁ፤ ከዚያ ቀን ያተረፍኩት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቂያለሽ፤ የሰፈር ወሬ አራተኛ ፎቅም ይደርሳል። «ለይኩን ስለቱን ካደ» ተባለ። አንዲት ሴት ሱቅ ባንኮኒ አጠገብ ልጇን «እንደ ለይኩን እንዳትሆን» ስትለው ሰማሁ፤ አጨሳለሁ ወይስ እሰርቃለሁ ብዬ ግራ ገባኝ። የካቲት ላይ ትኩሳቱ ጥሎኝ ሆስፒታል ስተኛ አልመጣሽም። ጠሀ ነው ያስታመመኝ። አጠገቤ ሆኖ ይሰግዳል፤ ሲጨርስ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ አውቶብሶቹ ያለ እኔ እንዴት ወደ ትክክለኛው አገር እየሄዱ እንደሆነ ይነግረኛል። ስንቴ እንደ ደወልኩልሽ አልቆጥርብሽም። የደወልኩት ልለምንሽ አልነበረም። ልከራከርሽ ነበር። ካንቺ ጋር ያልተከራከርኩበት ሕመም ሕመም አይመስለኝም።

ኢንፌክሽኑ ሲረግብልኝ፣ የኦፕራሲዮን ወረፋዬም ሲቃረብ፣ አንድ ነገር ወሰንኩ። ጃንጥላውን ልመልስ። አትደንግጪ፤ ሥርጉት፣ ውኃ ስጫትና ቀጥዪ። እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት፦ የታሰርኩት በጃንጥላው ነው። ጃንጥላው ራጉኤል ዕቃ ቤት እስካለ ድረስ እኔ በይፋ ጤነኛ ነኝ። ስለዚህ ያስገባነውን ልውሰድና እፎይ ብዬ ልታመም።

ሚያዝያ አንድ ቀን በፈረንሳይ በኩል እንጦጦን በእግሬ ወጣሁት። ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አጋጠሙኝ። ያን የሚያህል እንጨት በጀርባቸው ይዘው፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ ፊቴን አዩና መንገድ ለቀቁልኝ። ምን ያህል እንደ ከሳሁ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የደብሩን መሪጌታ አገኘኋቸው። ዝናብ አካፍቶ ስለ ነበር ደጀ ሰላሙ ሥር ቆመዋል። እጅ ነሥቼ ጠየቅኋቸው።

«መሪጌታ፣ ስለት ይመለሳል?»

«ወዴት?»

«ወደ ባለቤቱ።»

«ባለቤቱማ እዚሁ ነው» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ መቅደሱ እያመለከቱ። «ምን ሆነህ ነው?»

ነገርኳቸው። ኩላሊቷን፣ ቧንቧዋን፣ ማኅበሩን፣ እማማ አባይነሽን። አውቶብሱን ሳይቀር ነገርኳቸው። አልሳቁም። አልተቆጡም። «ቀዩ ከፋይ ነው?» አሉና ወደ ዕቃ ቤት ገቡ። ይዘውት ወጥተው ፊቴ ዘረጉት።

እቴቴ፣ ጃንጥላሽ ተጠግኗል።

በአንድ ጎኑ ከጫፍ እስከ መሐል የተሰፋ ቅድ አለበት። ክሩ አረንጓዴ ነው፤ ቀዩ አልተገኘም መሰለኝ። አንዱ ሽቦ ሌላ ሽቦ ተደግፎ ታስሯል።

«ጥምቀት ላይ ነፋስ ገለበጠው» አሉ መሪጌታ። «የእንጦጦን ነፋስ ታውቀው የለ።»

«ታዲያ ስለቱ ፈረሰ?»

ጃንጥላውን እንደ ያዙ በጣም ትክ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ጃንጥላ ነው። ይቀደዳል፤ ይሰፋል። ስለቱ ያን ጊዜ ስለ ተደረገላችሁ ነው፤ ገብቷል፤ አልቋል። የዛሬው ዛሬ ነው የሚለመነው። ሁለተኛ ታሞ 'ባለፈው አድነኸኛልና ደግሜ መምጣት አፍራለሁ' የሚል ሰው ያየሁት አንተን ብቻ ነው።»

እኔ ግን እየሰማኋቸው አልነበረም፤ ስፌቱን እያየሁ ነበር። መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቋጭ ስፌት ነው። የዩኒፎርሜ ኪስ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚቋጨው። ድፍን የካ ውስጥ እንዲያ የሚቋጭ ሌላ እጅ አላውቅም።

«እንግዲያው ጸልዩልኝ» አልኩና የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ሥርጉት እያነበበች ነው። ይህን ስም በዓለም ላይ የምታውቁት እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እና አንቺ ብቻ ነበራችሁ። መተት ይሠሩበታል እያልሽ የገዛ ልጅሽን እንኳ ደብቀሻታል። ትምህርት ቤት ለሃይማኖት አስተማሪዬ ልነግረው ብዬ ጆሮዬን የቆነጠጥሽኝ ዛሬም ይሰማኛል።

መሪጌታ ስሙን ሲሰሙ ጃንጥላውን አጠፉት።

«ይህን ስም እኮ እየጠራነው ነው» አሉ። «በየወሩ በአንድ። የታመመው አንተ ነህ?»

«ማን ሰጣችሁ?»

«ያቺ ይህን የሰፋችው። የካቲት ላይ መጣች። ጉልበቷ እንቢ እያላት፣ እያረፈች ነው የወጣችው። እዚህ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ሰፋችና፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ 'ልጄ እንደገና ታሟል' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር አልቀረችም። ዛሬም በጠዋት መጥታ ነበር፤ አልተገናኛችሁም?»

አልተገናኘንም። አንቺ በመኪናው መንገድ ወርደሽ ይሆናል፤ እኔ በፈረንሳይ በኩል እየወጣሁ ነበር።

ተያዝሽ፣ እቴቴ ፈትለወርቅ።

ማኅበር ላይ ድኛለሁ፤ ራጉኤል ዘንድ ታምሜያለሁ። ለሰው አንድ ወሬ፣ ለመልአኩ ሌላ ወሬ። እኔን «አታዋርድ» ብለሽ ያባረርሽኝ ሴት፣ ያልኩትን ቃል በቃል ወስደሽ፣ ያውም በእኔው ስም፣ ያውም ተራራ ላይ ተናግረሻል። ሆስፒታል ስተኛ እኔ ዘንድ ሳትመጪ ወዴት እንደ ወጣሽ አሁን ገባኝ። ከዳገቱ ስወርድ መጀመሪያ ተናደድኩ። በጣም ነው የተናደድኩት። መታመሜን ያን ሁሉ ጊዜ ታምኚ ነበርና። ከዚያ ጥርስሽ ክሩን ሲበጥስ ታየኝና እዚያው ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። የሆነውን አልነግርሽም፤ ዝናብ ነበር።

እንግዲህ ስሚኝ። አልታረቅሽም። እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። አቋሜም አልተለወጠም፤ ዳን ስትይኝ አልድንም፤ የምድነው ስድን ነው። ጃንጥላውን ተውኩት፤ ከእኔ ይልቅ እሱ በደንብ ተጠግኗል። እማማ አባይነሽ እምነት ጎድሎት ነው ካሉ፣ ሐሙስ የሚወጣውን ቧንቧ በዕቃ አድርጌ ላመጣላቸው እችላለሁ፤ መነጽራቸውን ይዘው ይጠብቁኝ። በሚቀጥለው ማኅበር ቁም ካልሽኝም እቆማለሁ። ሁለት ጠባሳ ይዤ። የማወራው ግን እኔ ነኝ፤ የማወራውም የሆነውን ነው። ራጉኤልን አታሳቢ። ክብሩ በእኔ ሽንት ቧንቧ ላይ የተንጠለጠለ መልአክ አይደለም።

ትናንት ለቅድመ ምርመራ ሄጄ ነርሷ «አስታማሚህ ማነው?» አለችኝ። ጠሀ አጠገቤ ቆሟል፤ «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ሲከፍት ቀድሜው «ፈትለወርቅ» አልኩ።

«ምንህ ናት?» አለች።

«እናቴ ናት» አልኳት። «ተኳርፈናል።»

ጠሀ አየኝ። «ካልመጣችስ?» አለኝ ስንወጣ።

«አንተ ትገባለህ። ግን ትመጣለች።»

«በምን አወቅህ?»

«ልጇ ታሟል» አልኩት።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ነይ። ጨርቅ አትያዢ፤ ስለት አትሳዪ፤ ኮሪደር ላይ አትንበርከኪ፤ ጉልበትሽ አይችልም። አጥሚት ያዢ፤ ሥርጉት ትሥራው ግን ጨውን አንቺ ጨምሪበት። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። በሩ ላይ ያቺ ነርስ «የማን አስታማሚ ነሽ?» ትልሻለች። ያን ጊዜ ለመሪጌታ የነገርሻቸውን፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ያልሽውን፣ ሰው እየሰማ በይው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የጠየቅሁሽ ይህንኑ ነው።

የክርስትና ስሜን ከሥር ፈርሜያለሁ። ሥርጉት ስታነበው «ይሄ ደግሞ ማነው?» ትልሻለች። መተት የሚያሠራብኝ ካለ ይፍጠን፤ እስከ ሐሙስ ትርፍ ቧንቧ አለኝ። አንቺ ግን ንገሪያት።

ገና ያልዳነው ልጅሽ፣
ዓምደ ሚካኤል